ሞላ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የምትባል ትንሽ ስፖርት መኪና ሁለተኛ እጅ የገዛሁ ሰሞን ከሁሉ በፊት ያደረግኩት መኪናዋን ዝቅ ማድረግ ነበር። በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ያለው ክፍተት ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አላስቀምጥ አለኝ። "ስፖርት" የሚል የተጻፈባቸው አራት ሞላዎች አዘዝኩና ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ገጠምናቸው። ፎቶ ላይ አምራለች፣ ምንም አይወጣላትም። ሰኞ ጠዋት ዋሽንግተን ውስጥ ክረምቱ ቆፍሮት የሄደውን መንገድ ስይዝ ግን ወገቤ ፍርዱን ሰጠ። የባሰው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መጣ። ኩርባው መሃል ትንሽ ጉብታ ካለች የኋላው ጎማ ከመሬት ይላቀቅና መኪናዋ ወደ ጎን ትዘላለች። ድሮ ሳልሳቀቅ የምወጣውን ኩርባ እግሬን ከነዳጅ እያነሳሁ ማለፍ ጀመርኩ። ከፍዬ መኪናዬን አዘገየኋት ማለት ነው።

ጥፋቱን በሞላው ላይ አላላክክም። በዓይኔ መርጬ በዓይኔ የገዛሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሞላ የምመርጠው በሜትር፣ በሚዛንና በወረቀት ነው። ሂሳቡ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው። ምሳሌዬ ያው የመጀመሪያው ትውልድ ኤምኤክስ-5 ነው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ የወጣው፣ አንድ ቶን የማይሞላ ወይም ቢያልፍም እምብዛም የማያልፍ፣ አራቱም ጎማ ላይ ከላይና ከታች አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ ክንድ) ያለው። የእናንተ ጎልፍ ጂቲአይ ወይም ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ከሆነ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ እንጂ መንገዱ አንድ ነው።

መጀመሪያ፣ ሞላ ምን ይሠራል?

ሞላ የሚለውን ቃል ከጣልያኖች ነው የወሰድነው፤ እንደ ክሪክና እንደ ቸርኬ። ሥራው መኪናውን መሸከም ነው። ሾክ አብዞርበር (ከዚህ በኋላ ሾክ) ሌላ ነገር ነው። ክብደት አይሸከምም ማለት ይቻላል፤ የሞላውን መወዛወዝ ይገታል እንጂ። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል፤ ሾኩ ሲደርቅበት ሞላ ይገዛል፣ ሞላው ሲያንሰው ሾክ ይቀይራል።

የሞላ ጥንካሬ አንድ ቁጥር ነው። አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ ስንት ኃይል ይፈልጋል? ጃፓኖች በኪሎ በሚሊሜትር ይጽፉታል፣ አውሮፓውያን በኒውተን በሚሊሜትር፣ አሜሪካኖች በፓውንድ በኢንች። 1 ኪሎ በሚሊሜትር 9.81 ኒውተን በሚሊሜትር ነው፤ በአሜሪካው ደግሞ 56 ፓውንድ በኢንች። ይህችን 56 ያዟት፣ ታስፈልገናለች።

ቁጥሩን የሚወስኑት የሽቦው ውፍረት፣ የጥቅሉ ስፋትና የሚሠሩት ጥምዝምዞች ብዛት ናቸው። ከሁሉ ጉልበተኛው ውፍረቱ ነው። ሽቦው በ10 በመቶ ሲወፍር ሞላው በ46 በመቶ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ሁለት ሞላ በዓይን አንድ ሊመስሉና ሥራቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል። ጥምዝምዙ ሲያንስም ሞላው ይጠነክራል። ሞላ በመጋዝ የሚቆርጡ ሰዎች ሳያውቁት ጠንካራ ሞላ እየሠሩ ነው። በእሳት የሚቆርጡት ግን ብረቱ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ ያጠፉታል፣ ጫፉም መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም። ቆርጬ ልሞክር ያለኝን ሰው ሁሉ ተው ብያለሁ፤ እናንተም ተዉ።

አሁን ብዙ ሰው የማይወድልኝን ልናገር። ጠንካራ ሞላ ኩርባ ላይ ወደ ውጭው ጎማ የሚሸሸውን ክብደት አይቀንስም። የሚሸሸውን ክብደት የሚወስኑት የመኪናው ክብደት፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መሃል ያለው ስፋትና የምትታጠፉበት ኃይል ናቸው። መኪናው ትንሽ ስላዘነበለ ትንሽ ክብደት ሸሸ ማለት አይደለም። ሞላ የሚወስነው ሁለት ነገር ነው፦ የሸሸውን ክብደት የፊትና የኋላ ጎማዎች እንዴት እንደሚካፈሉት፣ እና ጎማው የመንገዱን ጉርብጥብጥ ተከትሎ መሬት ላይ መቆየት አለመቆየቱን። ስለዚህ የእኔ ሕግ አጭር ነው። ሾኩን መጨረሻው ድረስ ሳያስመታ ሊሸከም ከሚችለው ሞላ ሁሉ ለስላሳውን ውሰዱ።

ደረጃ 1፦ የት እንደምትነዱ ሳትዋሹ ጻፉ

ሁላችንም በሐሳባችን የውድድር ሜዳ ላይ ነን። ወረቀት ላይ ጻፉት፦ ከመቶው ስንቱ ወደ ሥራ መሄጃ፣ ስንቱ የእሁድ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ስንቱ የውድድር ሜዳ? የእኔ 90 በመቶ ሥራና ገበያ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ሜዳ እሄዳለሁ። ለእነዚያ ሦስት ቀናት ብሎ ዓመቱን ሙሉ ጀርባውን የሚቀጣ ሰው ካለ ምርጫው የራሱ ነው።

ይህን ወደ ቁጥር የምንለውጠው በድግግሞሽ ነው። ሾኩን ነቅላችሁ መኪናውን ብትጫኑትና ብትለቁት በሰከንድ ስንት ጊዜ ይወዛወዛል? መለኪያው ሄርዝ ነው። ተራ የቤተሰብ መኪና ከ1 እስከ 1.5 ሄርዝ አካባቢ ነው። ለመንገድ የተሠራ ስፖርት መኪና ከ1.5 እስከ 2 ይሆናል። ክንፍ የሌለው የውድድር ሜዳ መኪና 2 እና 2.5 ይደርሳል። አየር ወደ መሬት የሚጫናቸው እውነተኛ የውድድር መኪኖች 3ን ያልፋሉ፤ እነሱ እንዲያ የሚሆኑት ከመሬት ያላቸው ከፍታ በትንሹም ቢለወጥ አየሩ ስለሚበላሽባቸው ነው። እናንተ ያ ችግር የለባችሁም፤ መድኃኒቱንም አትዋጡ።

እኔ ለፊት 1.7፣ ለኋላ 1.85 ሄርዝ መረጥኩ። ኋላው ለምን እንደበለጠ እመጣበታለሁ።

ደረጃ 2፦ መዝኑ

የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ጎማ የተሸከመው ክብደት ነው። ሹፌሩ ተቀምጦ፣ ነዳጁ ግማሽ ሆኖ። አራት ሚዛን ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ጥሩ። ካልሆነ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ የፊቱን ጎማ ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላውን ብቻ አውጡና እያንዳንዱን ለሁለት አካፍሉ።

ለምሳሌ መኪናው ከነሹፌሩ 1,080 ኪሎ ሆነ እንበል፤ 52 በመቶው ፊት ነው። የፊት አንዱ ጎማ 281፣ የኋላው 259 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ላይ ሞላው የማይሸከመውን ቀንሱ፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬኑ፣ የጎማው እምብርት፣ የአርሞቹ ግማሽ። ጎማውን ከነቸርኬው መታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ለቀላል መኪና በድምሩ 30 ኪሎ አካባቢ መውሰድ ይቻላል፤ ለከባድ መኪና 40ም ከዚያም በላይ። በ5 ኪሎ ብትስቱ ድግግሞሹ የሚለወጠው በ1 በመቶ አካባቢ ስለሆነ እንቅልፍ አትጡ። ስናጠጋጋው ፊት 250፣ ኋላ 230 ኪሎ ቀረን።

ደረጃ 3፦ ጥምርታውን ለኩ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄኛውን ነው። ሁሉንም የሚያበላሸውም መዝለሉ ነው።

ሞላው ጎማው ላይ አልተቀመጠም፤ አርሙ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው ያለው። ጎማው 50 ሚሊሜትር ሲነሳ ሞላው 50 አይጨመቅም። ስንት እንደሚጨመቅ ለማወቅ መኪናውን በጠንካራ መደገፊያ ላይ አቁሙት (በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጃችሁን እንኳ አታስገቡ)። ሞላውን አውጡና ሾኩን ብቻውን መልሱት። ከዚያ ጎማውን በሌላ ክሪክ በ10 በ10 ሚሊሜትር እያነሳችሁ የሾኩን ርዝመት መዝግቡ። መለካት ያለባችሁ መኪናው ቆሞ በሚያርፍበት ቁመት ዙሪያ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ያለው ልኬት ሌላ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል።

ጎማው 50 ተነስቶ ሾኩ 36 ካጠረ ጥምርታው 0.72 ነው። ኋላ 50 ተነስቶ 39 ካጠረ 0.78። ቀጥሎ ይህን ቁጥር ራሱን በራሱ አባዙት፦ 0.72 ሲባዛ በ0.72 0.518፤ 0.78 ሲባዛ በ0.78 0.608።

ለምን ራሱን በራሱ? አርሙ ማንሻ ነውና። ሞላው የሚጨመቀው ከጎማው ባነሰ ነው፤ ይህ አንድ። የሞላው ኃይልም ጎማው ጋ የሚደርሰው በዚያው ልክ ተቀንሶ ነው፤ ይህ ሁለት። ሁለት ጊዜ ስለቀነሰ ሁለት ጊዜ እናባዛዋለን። እዚህ መኪና ላይ የፊቱ ሞላ ለጎማው የሚደርስለት ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ማለት ነው። ፊታቸው በማክፈርሰን ስትራት (ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ሆነው ጎማው አጠገብ የሚቆሙበት አሠራር) የሆነ እንደ ጎልፍ ያሉ መኪኖች ላይ ግን ጥምርታው ለ1 ይቀርባል። ጓደኛችሁ ጎልፉ ላይ የገጠመውን ቁጥር እናንተ ኤምኤክስ-5 ላይ ብትደግሙት የእሱን ግማሽ ጥንካሬ ነው የምታገኙት። "እሱ ስንት ገጠመ?" ብሎ መጠየቅ ለዚህ ነው የማይጠቅመው።

ደረጃ 4፦ አስሉ

አቋራጩን ልስጣችሁ። መኪናው በራሱ ክብደት ሞላውን፣ ጎማው ጋ ሲለካ፣ በስንት ሚሊሜትር እንደሚያስተኛው ካወቃችሁ ድግግሞሹን አወቃችሁ። 1 ሄርዝ ማለት 25 ሳንቲሜትር አካባቢ መተኛት ነው፤ 2 ሄርዝ 6.2 ሳንቲሜትር። ቀመሩ 248 ሲካፈል ለድግግሞሹ፣ ውጤቱ እንደገና ሲካፈል ለድግግሞሹ ነው። መልሱ በሚሊሜትር ይመጣል።

ፊት፦ 248 ሲካፈል ለ1.7፣ እንደገና ለ1.7፣ 86 ሚሊሜትር። 250 ኪሎ ሲካፈል ለ86 ሲሆን 2.91 ኪሎ በሚሊሜትር። ይህ ጎማው ጋ የሚያስፈልገው ነው። ወደ ሞላው ለመውሰድ ለ0.518 እናካፍለዋለን፦ 5.6 ኪሎ በሚሊሜትር። በ56 ስናባዛው ወደ 314 ፓውንድ በኢንች።

ኋላ፦ 248 ለ1.85 ሁለቴ ሲካፈል 72 ሚሊሜትር ይሆናል። 230 ለ72፣ 3.19። ለ0.608 ሲካፈል 5.2 ኪሎ በሚሊሜትር፣ ወደ 290 ፓውንድ በኢንች።

በቃ። ሱቅ ውስጥ ግን 314 የሚባል ሞላ የለም። በ25 ወይም በ50 ፓውንድ እየዘለሉ ነው የሚመጡት። 325 ፊት፣ 300 ኋላ ወሰድኩ እንበል። ወደ ኋላ ሲሰላ ፊት 1.73፣ ኋላ 1.88 ሄርዝ ይመጣል። ከፈለግነው አልራቅንም።

ልብ በሉ፣ የፊቱ ሞላ በቁጥር ከኋላው ይጠነክራል፤ ጎማው ጋ ሲደርስ ግን ኋላው በልጧል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው መኪናውን ገልብጦ ይረዳዋል።

ደረጃ 5፦ ፊትና ኋላን ማስማማት

ሞሪስ ኦሊ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። ከሮልስ ሮይስ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ ጀነራል ሞተርስ ገባ። የዘመኑ መኪና ጉብታ ሲያልፍ እንደ ጀልባ ፊትና ኋላ ይወዛወዝ ነበር። ኦሊ ያሳየው ነገር ቀላል ነው፤ የኋላው ድግግሞሽ ከፊቱ ትንሽ ይብለጥ። ጉብታውን ቀድሞ የሚመታው የፊት ጎማ ነው። የኋላው ዘግይቶ ይጀምራል፤ በኤምኤክስ-5 ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ባለው የ2.265 ሜትር ርቀት፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ በ0.08 ሰከንድ ገደማ። ዘግይቶ የጀመረው ፈጠን ካለ ይደርስበታል፤ ሁለቱ አብረው ሲነሱና አብረው ሲወርዱ መኪናው ደልደል ይላል። ሁለቱ ጫፎች ተራ በተራ ሲነሱ ነው ተሳፋሪው አንገቱን የሚነቀንቀው።

ለመንገድ መኪና ኋላውን ከ5 እስከ 15 በመቶ ማብለጥ ይመቸኛል። ለውድድር ሜዳ ብዙዎች ይገለብጡታል፤ ፊቱን ያጠነክሩታል፣ መሪው ቶሎ እንዲመልስና ከኩርባ ሲወጡ ኋላው እንዲይዝ። ሜዳው ለስላሳ ስለሆነ መወዛወዙ አያሳስባቸውም።

ኩርባ ላይ ያለው ሚዛን ግን የሞላ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጎማ የተጫነበት ክብደት ሲጨምር የሚይዘው ኃይል ይጨምራል፤ ግን በዚያው ልክ አይደለም። አንድ ጆንያ ለሁለት እኩል ሲሸከሙት ይቀላል፤ አንዱ ላይ ሲያጋድል እሱ ይጎብጣል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይሄዳል። ስለዚህ የጠነከረው ጫፍ ከሚሸሸው ክብደት ብዙውን ይወስድና መያዝ ያቅተዋል። ፊቱ ከጠነከረ አፍንጫው አልታዘዝ ይላል፤ አንደርስቲር የሚሉት። ኋላው ከጠነከረ ጭራው ይወጣል፤ ኦቨርስቲር።

ይህን ለማስተካከል ሞላ መቀየር ውድ ነው። ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ስታቢላይዘር ለዚህ የተሠራ ነው። መኪናው ሲያዘነብል ይሠራል፣ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲነሱ ግን ዝም ይላል። ሞላውን ለመንገዱ ምረጡ፣ ሚዛኑን በስታቢላይዘር አስተካክሉ። እኔ የፊቱን ስታቢላይዘር በአንድ ቀዳዳ በማላላት ብቻ ሌላ መኪና የነዳሁ መስሎኝ አውቃለሁ።

ስትራት ላላቸው መኪኖች አንድ ማስጠንቀቂያ። በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት የታችኛው አርም ወደ ጎማው ሲሄድ ሽቅብ መመልከት ይጀምራል። ያኔ መኪናው የሚያዘነብልበት ማዕከል ከአካሉ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል፣ መኪናውም ዝቅ ብሎ ሳለ ከበፊቱ የበለጠ ማዘንበል ይወዳል። ጠንካራው ሞላ ይህን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። አርሙ አግድም ከሆነ እዚያ ላይ ቁሙ።

ደረጃ 6፦ ርዝመትና ጉዞ

ገንዘቤን የበላው ይሄኛው ነው። ያ "ስፖርት" ሞላዬ መኪናዋን ዝቅ ሲያደርጋት ሾኩ ወደ ላይ የሚሄድበትን ቦታ በላው። ሾክ መጨረሻው ላይ ባምፕ ስቶፕ የሚባል ስፖንጅ የመሰለ ጎማ አለው። መኪናው እዚያ ላይ ሲያርፍ ጥንካሬው በቅጽበት ይባዛል። ኩርባ መሃል የኋላው ውጪኛው ጎማ ባምፕ ስቶፑን ሲመታ ኋላው ድንገት ይጠነክራል። ያኔ ጭራው ይዘላል። እኔ "ሞላው ጠነከረብኝ" ስል የነበረው ሞላው ሳይሆን ባምፕ ስቶፑ ነበር። ይህ የመጀመሪያዎቹ ኤምኤክስ-5ዎች የታወቀ ችግር ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጡም ወደ ላይ ያላቸው ጉዞ ጠባብ ነው።

ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሾኩ ባምፕ ስቶፑን እስኪነካ ስንት እንደቀረው ለኩ። ለመንገድ መኪና ጎማው ጋ ሲለካ 50 ሚሊሜትር ካልቀረ እኔ አልገዛም። ከዚህ ሲያንስ ያላችሁ ምርጫ ከፍ ማድረግ፣ አጭር ሾክ መግዛት ወይም ሞላውን ማጠንከር ነው። እኔ የማስቀድመው ከፍ ማድረጉን ነው። ነጻ ነው።

ኮይልኦቨር (ሞላው ሾኩ ላይ የተቀመጠ፣ ቁመቱ የሚስተካከል) የምትገዙ ከሆነ የሞላው ርዝመትም ይሰላል። ምሳሌያችን ላይ የፊቱ ሞላ መኪናው ሲያርፍበት 60 ሚሊሜትር ይጨመቃል። ጎማው ወደ ላይ 60 እንዲሄድ ብትፈቅዱ ለሞላው 43 ነው። በድምሩ 103። ሞላው ሽቦ ከሽቦ ሳይነካካ ከ103 በላይ መጨመቅ መቻል አለበት፤ ሞላ ሠሪዎቹ ኢባክም ስዊፍትም ሃይፐርኮም ይህን ቁጥር በዝርዝራቸው ላይ ያወጡታል። ሞላ ሙሉ በሙሉ ሲገጥም ብረት ከብረት ነው፤ ሾክም ይሰበራል፣ ማቀፊያም። የውስጥ ስፋቱንም አትርሱ፦ 60፣ 63.5፣ 65 ወይም 70 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። የ2.5 ኢንቹ 63.5 ስለሆነ ከ60ው ጋር አይስማማም። ተቃራኒውም አለ፤ መኪናውን ስታነሱት ሞላው ከመቀመጫው የሚላቀቅ ከሆነ ቦታውን የሚይዝ ቀጭን ረዳት ሞላ ከላዩ ይጨመራል።

እየተጨመቀ የሚጠነክር (ፕሮግሬሲቭ) ወይስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት? ለመንገድ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው አይከፋም። እኔ ግን ማስላት የምችለውን እወዳለሁ።

ደረጃ 7፦ ሾኩ ይችለዋል?

ሞላውን እጥፍ ካጠነከራችሁ ሾኩ ድሮ በነበረው መጠን እንዲገታው 41 በመቶ መጨመር አለበት። የፋብሪካ ሾክ፣ አዲስ ከሆነ፣ 20 በመቶ የጠነከረ ሞላ ይታገሳል ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላም መደነሱን አይተውም። 150 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ሾክ ላይ አዲስ ሞላ መግጠም ደግሞ ገንዘብ መድፋት ነው።

የሚስተካከል ሾክ ካላችሁ "ሞላው በጣም ጠነከረ" ከማለታችሁ በፊት ሾኩን አላሉት። ጉድጓድ ላይ የሚሰማችሁ ድንገተኛ ምት ብዙ ጊዜ የሾክ ነው። ቢጫው ኮኒ ስፖርት የሚባለው ሾክ የሚስተካከለው ሞላው ሲዘረጋ የሚገታበት ኃይል ብቻ ነው፤ እሱን ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ተከታታይ ጉብታ ላይ ሞላው ለመዘርጋት ጊዜ ያጣል፣ መኪናውም ቀስ በቀስ ወደ ባምፕ ስቶፑ ይሰምጣል።

ደረጃ 8፦ መግጠም

የተጨመቀ ሞላ ቀልድ አያውቅም። በምሳሌያችን ሞላ ውስጥ መኪናው ቆሞ እንኳ ወደ 350 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ተቀምጧል። ሞላውን የሚይዙት ሁለት መጭመቂያዎች ትይዩ ይሁኑ፣ ተራ በተራ ይጥበቁ፣ ፊታችሁ ከሞላው አናት መስመር ይራቅ። መጭመቂያ ከሌላችሁ ጋራዥ ውሰዱት። አያሳፍርም።

ጋራዦችም ጭምር የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ የአርሞቹን ብሎን ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ አታጥብቁ። በአርሙ ጫፍ ያለው የጎማ ቡሽ ብሎኑ በጠበቀበት ቦታ ነው የሚነክሰው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው ሲያርፍ ቡሹ ተጠማዞ ይቀራል፣ ያላሰባችሁት ተጨማሪ ሞላ ይሆናል፣ ቶሎም ይቀደዳል። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ ያዙ። መኪናውን በጎማው አውርዱና ወዘወዝ አድርጉት፤ ከዚያ አጥብቁ።

ቁመቱን ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ለኩ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ አየር ያሳስታችኋል። አላይመንት ግዴታ ነው። የፊት መብራትም ይስተካከል፤ የመኪናው ቁመት ሲለወጥ መብራቱ ሌላ ቦታ ያያል። ጀርመን ያላችሁ ወገኖች ደግሞ የሞላውን ሰነድ አትጣሉ፤ የመኪና መርማሪው ቲዩቭ ይጠይቃችኋል።

ኮይልኦቨር ላይ የአንዱን ጎማ ቁመት ብቻ ከፍ ስታደርጉ እሱና በሰያፍ ያለው ጎማ አብረው ክብደት ይጨምራሉ። አራት ሚዛን ካገኛችሁ ሹፌሩን አስቀምጣችሁ ሁለቱ ሰያፎች ግማሽ ግማሽ እስኪሆኑ አስተካክሉ።

ደረጃ 9፦ ሞክሩ፣ ግን አንድ አንድ

አንድ መንገድ ምረጡ። መጥፎ አስፋልት፣ አንድ ረጅም ኩርባ፣ አንድ ፍጥነት መቀነሻ ያለበት። ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ የጎማ አየር። በአንድ ቀን ሁለት ነገር ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ደብተር ያዙ፤ ስሜት በሳምንቱ ይዋሻል።

ከሁሉ የምወደው መሣሪያ ዋጋው ከሳንቲም አይበልጥም። የሾኩ ዘንግ ላይ አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ወደ ሾኩ አካል አስጠጓት። ነድታችሁ ስትመለሱ ሾኩ እስከየት እንደሄደ ያቺ ማሰሪያ ቆማ ትነግራችኋለች። ወደ ሥራ ሄዳችሁ በተመለሳችሁ ቁጥር ባምፕ ስቶፑ ጋ ከተገኘች ወይ መኪናውን ከፍ አድርጉት ወይ በአንድ ደረጃ ጠንከር ያለ ሞላ ውሰዱ። በጣም መጥፎ መንገድ ላይ ነድታችሁም 30 ሚሊሜትር ካስተረፈች ለስላሳ መሆን ትችላላችሁ። የ25 ፓውንድ ለውጥ ብዙ ሰው አይሰማውም፤ 50 ይሰማዋል። ስለዚህ በ50 ሂዱ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲሱ ሞላ ትንሽ ሚሊሜትር ሊወርድ ይችላል። 500 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ብሎኖቹን ድጋሚ ፈትሹ፣ ቁመቱን ድጋሚ ለኩ። ከተለወጠ ወደ አላይመንት ተመለሱ፤ ለዚህ ነው እኔ መጀመሪያ ላይ ግምታዊ አላይመንት አሠርቼ ለዋናው የምከፍለው ከ500ው በኋላ የሆነው።